የከተማ መናፈሻና መዝናኛ ቦታ ዕቅድና በጀት አዘገጃጀት፦ ከቦታ ቆጠራ እስከ ጥገና

መናፈሻ ሠርቶ ማስመረቅ የሚያቅተው ከተማ ጥቂት ነው። የሚያቅተው ከምረቃው በኋላ በሦስተኛው ዓመት ሣሩን አጠጥቶ፣ ዥዋዥዌውን ጠግኖ፣ መጸዳጃ ቤቱን ክፍት አድርጎ መገኘት ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ግንባታው ላይ ሳይሆን ዕቅዱ ላይ ነው፤ የማስገንቢያው ገንዘብ ስለተገኘ ብቻ ሥራው ተጀምሮ፣ የዓመት ወጪው ከየት እንደሚመጣ ማንም ሳይጠይቅ ይቀራል።

ይህ መመሪያ ለማዘጋጃ ቤት የዕቅድ ባለሙያዎች፣ ለምክር ቤት አባላትና ዕቅዱን ለሚከታተሉ የነዋሪዎች ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሥሩ። በተለይ ደረጃ 4ን ዘልለው ወደ ደረጃ 5 አይሂዱ፤ የጥገና ወጪውን ሳያውቁ ገንዘብ የሚፈልጉ ከሆነ የሚያገኙት ግማሹን ብቻ ነው።

## ከመጀመርዎ በፊት መሟላት ያለባቸው

- አንድ ተጠያቂ ሰው። የመሬት፣ የፋይናንስ፣ የውኃና የጽዳት ክፍሎች ሁሉ በዕቅዱ ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም ሰነዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚይዝ አንድ ባለሙያ በደብዳቤ ካልተመደበ ሥራው በክፍሎቹ መካከል ይንከራተታል።
- ወቅታዊ ካርታ። የመንገድ መረቡን፣ የይዞታ ወሰኖችንና የውኃ መውረጃዎችን የሚያሳይ መሆን አለበት።
- የሕግ ሥልጣን ዝርዝር። ከተማው ክፍያ መጣል፣ መበደር፣ ከአልሚዎች መሬት ወይም ገንዘብ መጠየቅ፣ ገቢውን በተለየ ሒሳብ መያዝ ይችል እንደሆነ ከሕግ ክፍሉ በጽሑፍ ያግኙ። ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ የሚያነሡ ከሆነ በሕግ የማይፈቀድ የገቢ ምንጭ ላይ የቆመ ዕቅድ ይዘው ምክር ቤት ፊት ይቀርባሉ።
- ያለፉት ሦስት ዓመታት ትክክለኛ ወጪ። የጸደቀውን በጀት ሳይሆን የተከፈለውን ይውሰዱ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለ ከተማው ከማንኛውም ቃለ ጉባኤ የበለጠ ይናገራል።

## ደረጃ 1፦ ያለውን ይቁጠሩ

1. በመዝገብ ላይ «መናፈሻ»፣ «አረንጓዴ ቦታ»፣ «መጫወቻ ሜዳ» የተባለውን ሁሉ ይዘርዝሩ። የትምህርት ቤት ሜዳዎችን፣ የወንዝ ዳርቻዎችንና በይዞታቸው የሕዝብ የሆኑ ባዶ ቦታዎችንም ያካቱ።
2. እያንዳንዱን ቦታ በእግርዎ ይሂዱበት። ስፋቱን፣ መግቢያዎቹን፣ ውኃና መብራት መኖሩን፣ የይዞታ ሰነዱን፣ የመሣሪያዎቹን ሁኔታ ይመዝግቡ።
3. ለእያንዳንዱ ቦታ ከ1 እስከ 5 የሁኔታ ነጥብ ይስጡ፤ 1 ማለት ለተጠቃሚው አደገኛ በመሆኑ ዛሬውኑ መዘጋት ያለበት ማለት ይሁን።
4. በተለያየ ሰዓት፣ ማለትም በማለዳ፣ በቀትር፣ ከሥራ መውጫ በኋላና በዕረፍት ቀን ተጠቃሚዎችን ይቁጠሩ፤ ጾታንና ግምታዊ ዕድሜን ይለዩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የአንድ ቀን ቆጠራ አያሳምንዎ። ማለዳ በስፖርተኞች የተሞላ ቦታ አመሻሽ ላይ ሴቶች የማይደፍሩት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

ችግር ሲያጋጥም፦ በመዝገብ 2 ሄክታር የተባለው ቦታ መሬት ላይ 1.4 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። በዚህ ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ የሚጽፉት በመሬት ላይ የለኩትን ብቻ ነው። የጎደለውን ለመሬት ክፍሉ በተለየ ደብዳቤ ያሳውቁ፤ የወሰን ክርክሩ እስኪያልቅ መላውን ዕቅድ አያስቁሙ።

## ደረጃ 2፦ ማን እንደቀረበት ይለዩ

የከተማውን ጠቅላላ አረንጓዴ ስፋት ለነዋሪው ቁጥር አካፍሎ «ለአንድ ሰው ይህን ያህል ካሬ ሜትር» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በከተማው ጫፍ ያለ አንድ ትልቅ ደን ይህን ቁጥር ከፍ አድርጎ መሀል ከተማ ያሉትን ሕፃናት ያለ መጫወቻ ሊደብቃቸው ይችላል። የሚያስፈልግዎ የርቀት መለኪያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ያቀረበው መነሻ ቢያንስ ከ0.5 እስከ 1 ሄክታር የሆነ የሕዝብ አረንጓዴ ቦታ ከመኖሪያ ቤት በ300 ሜትር ቀጥታ ርቀት ውስጥ መገኘት እንዳለበት ይገልጻል፤ ይህም በግምት የ5 ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በከተማ ደን ተመራማሪው በሴሲል ኮናይኔንዳይክ የቀረበው የ3-30-300 መለኪያም በዚሁ ርቀት ላይ ሁለት ነገሮች ይጨምራል፦ ከእያንዳንዱ ቤት ቢያንስ 3 ዛፎች እንዲታዩና የሰፈሩ የዛፍ ጥላ 30 በመቶ እንዲደርስ። እነዚህ ሕግ አይደሉም። ከተማው ሊደርስበት የሚችለውን መለኪያ ምክር ቤቱ ይወስን፤ ከተወሰነ በኋላ ግን በየዓመቱ አይቀያየር።

1. ከእያንዳንዱ መናፈሻ መግቢያ ተነሥተው (ከመሀሉ አይደለም) በመንገድ መረቡ ላይ ርቀቱን ይለኩ።
2. ሰፊ መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ወንዝና የታጠረ ግቢ የሚያቋርጡትን ርቀት ያስወግዱ። በካርታ 200 ሜትር የሚርቅ ቦታ መሻገሪያ ከሌለው የለም እንደ ማለት ነው።
3. ያልተሸፈኑትን ሰፈሮች ከሕዝብ ብዛትና ከገቢ ደረጃ ጋር አነጻጽረው በቅደም ተከተል ያስቀምጡ።
4. ወደ መናፈሻ የማይመጡትን ሰዎች ይጠይቁ። መናፈሻ ውስጥ ቆሞ መጠይቅ ማስሞላት የረኩትን ብቻ ማናገር ነው። አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ የሕፃናት እናቶችንና ወጣት ሴቶችን ባሉበት ሄደው ያነጋግሩ።

አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ደረጃ የሚወጣው ውጤት አዲስ መናፈሻ ሳይሆን በነባሩ አጥር ላይ ሁለተኛ በር መክፈት ወይም የእግረኛ ማቋረጫ መሥራት ይሆናል። ያን ውጤት በደስታ ይቀበሉት፤ ርካሽ ነው።

## ደረጃ 3፦ መሬቱን ያስጠብቁ

ለቦታው የታሰበው አገልግሎት በስፋቱ ውስጥ መግባቱን በቅድሚያ በሜትር ያረጋግጡ። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚመከረው የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ ይህም 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ሲሆን የዳር መጠበቂያውን አይጨምርም። ስለዚህ ግማሽ ሄክታር ቦታ ላይ «ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ» ቃል መግባት የካሬ ሜትር ስሌት አለመሥራት ነው። በዚያ ላይ የሚገባው አነስተኛ ሜዳ፣ የሕፃናት መጫወቻና የጥላ መቀመጫ ነው።

ከዚያም የሚከተሉትን ይፈጽሙ።

1. ቦታው በከተማው ፕላን ላይ በመናፈሻነት እንዲመዘገብና የይዞታ ማረጋገጫው በማዘጋጃ ቤቱ ስም እንዲወጣ ያድርጉ። በፕላን ላይ በአረንጓዴ ቀለም መቀባት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም።
2. የወሰን ድንጋይ ያስተክሉ፤ ቀደም ብለውም ዙሪያውን ዛፍ ይትከሉ። ግንባታው ቢዘገይ እንኳ ቦታው ባለቤት እንዳለው ይታያል።
3. ቦታው ቀድሞ ቆሻሻ የተጣለበት፣ ነዳጅ የተከማቸበት ወይም ፋብሪካ የነበረበት ከሆነ አፈሩን ሳያስመረምሩ አይቀጥሉ። የተቀበረ ቆሻሻ ሚቴን ጋዝ ያመነጫል፤ መሬቱም ለዓመታት እየሰመጠ ይሄዳል።
4. ወንዝ ሲሞላ የሚጥለቀለቅ ቦታ ለሣር ሜዳና ለእግር መንገድ ተስማሚ ነው፤ ለሕንፃ፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ግን ፈጽሞ አይመረጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ በስጦታ የሚቀርብ መሬት ሁሉ ስጦታ አይደለም። አልሚዎች ለሕዝብ የሚያስረክቡት ቦታ ብዙ ጊዜ ለግንባታ ያልተመቸው ገደል፣ ረግረግ ወይም የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር ሥር ያለ ቁራጭ ነው። ከመቀበልዎ በፊት ዝቅተኛውን ስፋት፣ የሚፈቀደውን ተዳፋትና ከመንገድ ጋር የሚገናኝበትን የፊት ለፊት ስፋት በደንብ ያስወስኑ፤ መሥፈርቱን የማያሟላ ከሆነ በምትኩ ገንዘብ እንዲከፈል ይጠይቁ።

## ደረጃ 4፦ በመጀመሪያ የዓመት ወጪውን ያስሉ

ዕቅድ የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይውሰዱበት። ወጪውን በሰዓትና በሊትር ይጀምሩ እንጂ በገንዘብ አይጀምሩ፤ የገንዘብ ዋጋ ይለዋወጣል፣ የሥራው መጠን ግን ይቆያል።

የሥራ ሰዓት። አንድ መካከለኛ መናፈሻን በምሳሌ እንውሰድ፦

- ጽዳት፦ በቀን 2 ሰዓት፣ በዓመት 730 ሰዓት
- መጸዳጃ ቤት፦ በቀን 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 40 ደቂቃ፣ በዓመት 730 ሰዓት
- ሣር ማጨድ፦ በዓመት 26 ጊዜ፣ በየጊዜው 12 ሰዓት፣ በድምሩ 312 ሰዓት
- ችግኝ ማጠጣት፦ በሳምንት 2 ጊዜ፣ በየጊዜው 6 ሰዓት፣ በድምሩ 624 ሰዓት
- የመሣሪያ ምርመራ፦ በሳምንት 1 ሰዓት፣ በድምሩ 52 ሰዓት

ጠቅላላው 2,448 ሰዓት ነው። አንድ ሠራተኛ ፈቃድ፣ ሕመምና በዓላት ተቀንሰው በዓመት 220 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል ብንል 1,760 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ መናፈሻው ወደ አንድ ሠራተኛ ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢመደብለት ከሥራው ከሩብ በላይ የሚሆነው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይሠራም ማለት ነው።

ጥበቃን ለብቻው ያስሉ። ቀንና ሌሊት የሚጠበቅ አንድ በር በዓመት 8,760 ሰዓት ስለሚፈልግ ለ1,760 ሲካፈል አምስት ሰው ይሆናል። «አንድ ዘበኛ እንመድባለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዕቅድ ሰነድ ውስጥ ሲገባ የአምስት ሰው ደመወዝ መሆኑን የሚያስታውስ ባለሙያ አላየሁም ማለት ይቀለኛል። የአጥሩን፣ የበሩንና የመብራቱን ዓይነት ከመወሰንዎ በፊት ይህን ቁጥር ይመልከቱ።

ውኃ። 200 ችግኝ፣ ለእያንዳንዱ 20 ሊትር፣ በሳምንት 2 ጊዜ ቢጠጣ በሳምንት 8,000 ሊትር ይፈጃል። ይህ ውኃ ከየት እንደሚመጣና በደረቁ ወራት መገኘቱን የውኃ ክፍሉ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ካላረጋገጠ የችግኙን ቁጥር ይቀንሱ፤ 60 የጸደቁ ዛፎች ከ200 የደረቁ ይሻላሉ።

የመተኪያ ገንዘብ። የእያንዳንዱን መሣሪያ ዋጋ በሚያገለግልበት ዘመን ያካፍሉ። ዋጋው 600 ሺህ የሆነና 15 ዓመት የሚያገለግል መጫወቻ በየዓመቱ 40 ሺህ ሊቀመጥለት ይገባል። ይህ መስመር በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዝ ነው፤ በሰነዱ ውስጥ ለብቻው ካልታየ ሲሰረዝም የሚያውቅ አይኖርም።

ችግር ሲያጋጥም፦ የተሰላው የዓመት ወጪ ከተማው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ከሆነ ጥገናውን በወረቀት ላይ አይቀንሱ፤ ዲዛይኑን ይቀንሱ። ፏፏቴውን፣ ወቅታዊ አበባዎችንና በየሳምንቱ የሚታጨደውን ሣር አውጥተው ዛፍ፣ ጠጠር መንገድና ጠንካራ መቀመጫ ያስገቡ።

## ደረጃ 5፦ ለእያንዳንዱ ወጪ ተስማሚ ምንጭ ያግኙ

ደንቡ አንድ ነው፦ የአንድ ጊዜ ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ወጪ፣ ተደጋጋሚ ገቢ ለተደጋጋሚ ወጪ። በዕርዳታ ገንዘብ አትክልተኛ አይቅጠሩ፤ ዕርዳታው ሲያልቅ አትክልተኛውም ያልቃል።

መደበኛ በጀት። የጽዳት፣ የጥበቃና የጥገና ወጪ ዋና ምንጭ ይህ ነው። ሌሎቹ ምንጮች ሁሉ ይደግፉታል እንጂ አይተኩትም።

የአልሚዎች መዋጮ። አዲስ መኖሪያ ሰፈር አዲስ ተጠቃሚ ስለሚያመጣ መሬት ወይም ገንዘብ እንዲያዋጣ ማድረግ ተገቢ ነው። ቀመሩ አስቀድሞ የታወጀና ለሁሉም እኩል ይሁን። በድርድር የሚወሰን መዋጮ ለሙስና በር ከመክፈቱም በላይ በፍርድ ቤት ይሸነፋል።

ብድርና ቦንድ። ለመሬት ግዥና ለረጅም ዘመን ግንባታ ብቻ ይጠቀሙበት። የመክፈያው ዘመን ከተሠራው ነገር ዕድሜ መብለጥ የለበትም፤ 15 ዓመት ለሚያገለግል መጫወቻ የ20 ዓመት ብድር መውሰድ የተጣለ ብረት ዕዳ ለአምስት ዓመት መክፈል ነው።

ዕርዳታና ድጎማ። ሰጪው ማቺንግ ፈንድ የሚባለውን የከተማውን ድርሻ፣ የሪፖርት ግዴታና የጊዜ ገደብ እንዴት እንዳስቀመጠ ከማመልከትዎ በፊት ያንብቡ። ድርሻው በጥሬ ገንዘብ ይሁን ወይስ በመሬትና በጉልበት መቆጠር ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የአገልግሎት ክፍያ። ለአንድ ቡድን ብቻ የሚያገለግል ነገር፣ ለምሳሌ የሜዳ ኪራይ፣ የሥልጠና ኮርስ፣ የድግስ ቦታ ሊያስከፍል ይችላል። መግቢያው ላይ ማስከፈል ግን ቦታው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች ከበሩ ይመልሳል፤ ትኬት ቆራጩና ተቆጣጣሪው የሚወስዱት ደመወዝ ሲቀነስም የሚቀረው ገቢ ብዙ ጊዜ ከታሰበው ያነሰ ነው።

የንግድ ኪራይ። ሻይ ቤት፣ ብስክሌት ማከራያና የመሳሰሉት ገቢ ብቻ ሳይሆኑ ዓይንም ናቸው፤ ሰው ያለበት ቦታ ይጠበቃል። በውሉ ላይ ሊይዙ የሚችሉትን ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሥራ ሰዓት፣ መጸዳጃ ቤቱን ለሁሉም ክፍት የማድረግ ግዴታና ውሉ የሚቋረጥበትን ሁኔታ ያስገቡ። ይህ ካልተጻፈ ወንበሮቹ በየዓመቱ እየሰፉ መናፈሻው የሻይ ቤቱ ግቢ ይሆናል።

ልገሳና የነዋሪ ጉልበት። ለጋሹ ስሙ እንዲጻፍለት ከፈለገ የሚቆይበትን ዓመት ይወስኑ፤ የጥገናውንም የተወሰነ ድርሻ አብሮ እንዲሰጥ ይጠይቁ። የነዋሪዎች ጉልበት ነጻ አይደለም፤ አስተባባሪ፣ መሣሪያና የሥራ ፕሮግራም ይፈልጋል።

በመጨረሻም ከክፍያ፣ ከኪራይና ከመዋጮ የሚገኘው ገቢ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥና ለመናፈሻ ብቻ እንዲውል በምክር ቤት ያስወስኑ። የፋይናንስ ክፍሉ ይህን የማይቀበል ከሆነ ቢያንስ የተለየ የሒሳብ መደብ ይጠይቁ፤ ገቢው ወደ ጋራ ቋት ቢገባም ስንት እንደነበረ በዓመቱ መጨረሻ ማሳየት ይቻላል።

## ደረጃ 6፦ ቅደም ተከተል ያውጡና ያስጸድቁ

የአምስት ዓመት ዝርዝር ያዘጋጁ። ነጥብ የሚሰጥባቸው መሥፈርቶች የደኅንነት አደጋ፣ ያልተሸፈነ ሕዝብ፣ የመሬት ዝግጁነትና የተረጋገጠ የጥገና በጀት ይሁኑ። መሥፈርቶቹንና ክብደታቸውን ቦታዎቹ ከመመዘናቸው በፊት ያስጸድቁ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀየር ክብደት የአንድን ሰው ሰፈር ለማስቀደም የተቀየረ ነው ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱም ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ለምክር ቤት የሚያቀርቡት ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያሳይ፦ የማስገንቢያውንና የዓመቱን። ከማስገንቢያው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ።

በጀቱ ከተቆረጠ፦ ከእያንዳንዱ ቦታ ትንሽ ትንሽ አይቀንሱ። መጀመሪያ የሚቀነሰው ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ መውረጃ ስለሚሆን ሁሉም ቦታዎች አብረው ይበላሻሉ። ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን አንድ ቦታ በሙሉ ወደሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፉ።

## ደረጃ 7፦ ዲዛይኑን ይቆጣጠሩ

ንድፉን ለባለሙያው ይተዉለት፤ የሚከተሉትን ግን ራስዎ ይፈትሹ።

- ውኃ መውረጃ። የሣር ሜዳ ከ1 እስከ 2 በመቶ ተዳፋት ይኑረው። ዝናብ ሲዘንብ ቦታውን ሄደው ይዩት፤ ውኃው የሚቆምበትን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ጥናት የለም።
- መዳረሻ። የእግር መንገድ ተዳፋት ከ1 ለ20 (በ20 ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ከፍታ)፣ ራምፕ የሚባለው በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መወጣጫ ደግሞ ከ1 ለ12 አይበልጥ። ደረጃ ብቻ ያለው መግቢያ አይቀበሉ።
- የሜዳ አቅጣጫ። ረጅሙ ጎን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን፤ አለበለዚያ አንደኛው በረኛ ጠዋትና ማታ ፀሐይን ፊት ለፊት ያያል።
- የመጫወቻ ወለል። ኢኤን 1176 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የመውደቂያ ከፍታ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለ2 ሜትር ከፍታ 20 ሴንቲሜትር፣ ለ3 ሜትር 30 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም አሸዋ ያስፈልጋል፤ በእግር ለሚበተነው 10 ሴንቲሜትር ይጨመራል። በሲሚንቶ ወለል ላይ ሸርተቴ አይትከሉ።
- የእግረኛ ፈለግ። ሰዎች በሣሩ ላይ የረገጡትን መንገድ በአጥር አይዝጉ፤ ያንጥፉት።

## ደረጃ 8፦ ጨረታ፣ ግንባታና ርክክብ

1. በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የችግኞችን እንክብካቤ ለ2 ዓመት ያስገቡ። ዋጋው በመጽደቅ መጠን ይከፈል እንጂ በተተከለው ቁጥር አይከፈል።
2. ከመሬት በታች ያሉ ቧንቧዎች ከመሸፈናቸው በፊት ፎቶ ይነሡ፤ የሚገኙበትንም በካርታ ላይ ይመዝግቡ። ኋላ የሚጠግነው ሰው ያመሰግንዎታል።
3. ጊዜያዊ ርክክቡን በንግግር ሳይሆን በሙከራ ያድርጉ፦ ቧንቧውን ይክፈቱ፣ መብራቱን ማታ ያብሩ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በሁሉም መንገድ ያስኪዱ፣ የመጫወቻውን ወለል ጥልቀት በሜትር ይለኩ።
4. ከተቋራጩ ክፍያ ላይ የተያዘውን የመያዣ ገንዘብ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት ሳያልፍ አይልቀቁ።

ችግር ሲያጋጥም፦ የምረቃ ቀን ተቆርጦ ሥራው ካላለቀ፣ የተጠናቀቀውን ክፍል ብቻ ከፍተው ቀሪውን በአጥር ይለዩ። ለምረቃ ተብሎ በጥድፊያ የተነጠፈ ሣር ሥር ስለማይሰድ በወሩ ተመልሶ ይነሣል።

## ደረጃ 9፦ ምርመራና ጥገና

ምርመራው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በዓይን የሚደረግ ሲሆን የተሰበረ ጠርሙስ፣ የላላ ብሎን፣ የተበተነ አሸዋ ይታይበታል። ሁለተኛው ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ የመሣሪያዎችን ጥንካሬና መበላት ይፈትሻል። ሦስተኛው በዓመት አንድ ጊዜ መሠረቱን፣ ዝገቱንና አጠቃላይ ደኅንነቱን የሚመለከት ሲሆን፣ መናፈሻውን በየቀኑ በማያስተዳድር ብቁ ሰው ቢሠራ ይመረጣል።

እያንዳንዱ ምርመራ ቀን፣ ፊርማና የተወሰደ ርምጃ ይመዝገብበት። ልጅ ቢጎዳ ከተማው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህን መዝገብ ነው። አደገኛ ሆኖ የተገኘ መሣሪያ ጥገናው እስኪደርስ ድረስ በዚያው ዕለት ይዘጋ፤ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ ማንበብ የማይችሉ ልጆች ናቸውና የሚጫወቱበት።

በየዓመቱ፣ ከበጀት ዝግጅቱ ሁለት ወር ቀደም ብለው የደረጃ 4ን ሰንጠረዥ አውጥተው የታሰበውን ሰዓትና ሊትር ከመዝገቡ ጋር ያነጻጽሩ። ልዩነቱን ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ጥያቄ የመጀመሪያ ገጽ ያድርጉት።